ለባዶ ሣጥን የተለቀሰ ለቅሶ

በጃንሆይ ጊዜ ፈረንጆች ድሬዳዋ መጥተው የሠሩትን ፊልም ያዩ ሁሉ የቀብሩን ትዕይንት ያደንቃሉ። «አሮጊቷ ስትተውን!» ሲሉ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የተዋንያኑን ልብስ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ያን ቀን እዚያው ነበርኩ።

አሮጊቷ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት የሚሸጡ እናት ነበሩ። ጥቁር አልብሼ በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ፣ ባዶ የሬሳ ሣጥን አጠገብ አስቀመጥኳቸው። ያልቅሱ ሲባሉ ግን እምቢ አሉ።

«ላልሞተ ሰው አይለቀስም፤ ሟርት ነው። ባቡር ላይ የሚሠራ ልጅ አለኝ፤ ሞት አልጠራበትም።»

ፈረንጁ የፊልም አዘጋጅ ቆቡን መሬት ላይ ወረወረ። ከዚያ አስተርጓሚውን ሳብ አድርጎ በጆሮው አንሾካሾከለት። አስተርጓሚው የእኛው አገር ሰው ነው። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «እማማ፣ ልጅዎን ባቡር ገጨው። አሁን ነው የተነገረን» አላቸው።

ሣጥኑ ላይ ተደፉ። እኔ የሰፋሁትን ቀሚስ ከደረታቸው እስከ ወገባቸው ቀደዱት። ካሜራው አላቋረጠም። «ውሸት ነው!» ልል ስሮጥ ሁለት ዕቃ ተሸካሚዎች ይዘው አፌን አፈኑኝ።

የፊልም ሰዎች ምንጊዜም መጠባበቂያ ይፈልጋሉ፤ አንዱን ነገር ሁለቴ ካላነሡ አያምኑም። አዘጋጁ አጨበጨበና በጣቱ «ድገሙት» የሚል ምልክት ሰጠ። አስተርጓሚው ጎንበስ ብሎ፣ «ጎሽ እማማ! እስቲ አንዴ ይድገሙልን» አላቸው።

ቀና ብለው አዩት።

«ከየት አምጥቼ? ሌላ ልጅ የለኝም» አሉት።