የተረገጠው የባሮ ሽንኩርት መደብ

ባሮ ሽንኩርት ማብቀል ችያለሁ። ይህን የምጽፈው ለመኩራት አይደለም፤ ሌላ የተሳካልኝ ነገር ስለሌለ ነው።

በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ዓመታት አዲስ አበባ ቀራንዮ፣ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን በታች እንኖር ነበር፤ እኔና ያኔ አሥራ ሦስት ዓመት የሆናት ልጄ። እናቷ ከሞተች ሦስት ዓመት አልፎ ነበር። ሙያዬ ግንበኝነት ነው። ማንበብ የተማርኩት ያለ አስተማሪ ነበርና ሰው ሁሉ ሳይነገረው ማወቅ አለበት ብዬ አምን ነበር።

አጥሩን የጠገንኩለት አንድ ፈረንጅ ቤት የሚሠራ አትክልተኛ ዘሩን ሰጠኝ፤ አሠራሩንም አሳየኝ። ባሮ ሽንኩርት እንደ ቀዩ ሽንኩርት ሥሩ አያብጥም። የሚፈለገው ነጩ አገዳ ነው፤ አገዳው የሚነጣውና የሚረዝመው ደግሞ ከፀሐይ ሲሸሸግ ነው። በግንቦት ዘራሁ። ሐምሌ ላይ ችግኙ እርሳስ ሲያክል፣ በሾለ እንጨት ስንዝር የሚያህል ጉድጓድ እየወጋሁ አንድ አንድ ጣልኩበት። ጉድጓዱን አፈር መሙላት አያስፈልግም፤ ውኃ ብቻ ይፈስበታል፣ አፈሩ ራሱ ቀስ እያለ ይገባል። መሬታችን ጥቁር ጭቃ ስለሆነ ክረምቱ እንዳያበሰብሰው በመደቦቹ መካከል ቦይ ቆፈርኩ። ያደረ ፍግ ጨመርኩበት። ከመስከረም ጀምሮ በየሳምንቱ፣ አፈሩ ቅጠሉ መሐል እንዳይገባ እየተጠነቀቅሁ፣ ወደ አገዳው አስጠጋው ነበር።

ጎረቤታችን፣ ከጉራጌ አገር የመጡ እናት፣ በአጥሩ በኩል እያዩ ይስቁብኝ ነበር።

«ጋሼ፣ እየተከሉት ነው ወይስ እየቀበሩት?»

ልጄም አንድ ቀን ውኃ ስታጠጣ ቀና ብላ፣ «አባባ፣ ሥሩ መቼ ነው የሚያብጠው?» አለችኝ።

«ዓይን የለሽም? እያየሽ ተማሪ።»

ያን ቀን ሁለት ቃል ብነግራት ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ጥቅምት ላይ ለሥራ ሆለታ ሄጄ አራት ቀን ቆየሁ። የተመለስኩት በሃያ ሰባት፣ በመድኃኔዓለም በዓል ጠዋት ነው። ጓሮ ስገባ መደቡ በሙሉ ተረግጧል፤ ቅጠሉ መሬት ላይ ተኝቷል። ልጄ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ፊቷ ላይ ደስታ ነበር።

«እኔ ነኝ የረገጥኩት፣ አባባ። ነጭ ሽንኩርት ሲደርስ ቅጠሉ ከተረገጠ ጉልበቱ ወደ ሥሩ ይወርዳል ብለው የጎረቤት እትዬ ነገሩኝ። ሲመጡ አብጦ እንዲያገኙት ብዬ ነው።»

ምክሩ ለነጭ ሽንኩርት የተለመደ ነው። ያን ጊዜ ግን ይህን አላመዛዘንኩም። የተሰበረውን ቅጠል ሰብስቤ አስታቀፍኳትና በራችን ላይ አቆምኳት። ሰው ሁሉ ነጠላውን ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያልፍበት መንገድ ነው። የትምህርት ቤት ጓደኞቿም አለፉ። ምን ሆና ነው ላለኝ ሁሉ፣ «የአባቷን ልፋት የረገጠች ልጅ ናት» አልኩ።

ጎረቤታችን የበዓል ልብሳቸውን እንደለበሱ መጡ።

«ምክሩ የኔ ነው፣ ጋሼ። እኔን ያቁሙኝ።»

«እርስዎ በቤትዎ ይዘዙ።»

«ለቅጠል ብለው ልጅ ያዋርዳሉ?»

«ሥርዓት እያስተማርኩ ነው።»

ታቦቱ ገብቶ ሰው እስኪመለስ ድረስ ቆመች። ካለቀሰች አስገባታለሁ ብዬ እየጠበቅሁ ነበር። አላለቀሰችም።

በሳምንቱ ጦር ኃይሎች አካባቢ የምትኖረው እህቴ ነገሩን ሰምታ መጣችና ወሰደቻት። ጥቂት ቀን ቆይታ ትመለሳለች ብዬ አልከለከልኩም።

ሽንኩርቱ አልሞተም። የተሰበረው የውጪው ቅጠል ነበር፤ ከመሐሉ አዲስ ወጣ። አፈሩን ማስጠጋቴን ቀጠልኩ። ከጥምቀት በኋላ ስነቅለው ነጩ አገዳ ከስንዝር በላይ ሆኗል፤ ቀጥ ያለ፣ ትል ያልነካው። በቤቱ ውስጥ የሚበላው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

በዚያው ሳምንት ልጄን ልመልሳት ሄድኩ። እህቴ ሻይ አቅርባልን ወጣች። ልጄ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። በመንገዴ ሁሉ ሳስበው የነበረው ቃል አንድ ነው፤ አጠፋሁ ማለት። አፌን ስከፍት ግን፣ «ቅጠሉ እንደገና በቅሏል፤ ምንም አልሆነም» አልኩ።

«ጥሩ ነው።»

«እንግዲህ ልብስሽን ሰብስቢ፣ እንሂድ።»

«እዚሁ እሆናለሁ።»

«እኔ ቤት ምን ጎደለብሽ?»

«ምንም አልጎደለብኝም፣ አባባ። እዚህ የማላውቀውን ስጠይቅ ይነግሩኛል።»

ልቆጣ ፈለግሁ፤ ምክንያት አጣሁ። ልጅን በሰው ፊት ማሳፈር ሥርዓት ማስተማር አይደለም። ይህን ዛሬ ለአባቶች ሁሉ መጻፍ አያቅተኝም፤ ያን ቀን ለአንዲት ልጅ መናገር ግን አቃተኝ። ሻዬን ጨርሼ ተነሳሁ። እስከ በሩ ሸኘችኝ፤ ጉልበቴን ስማ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ እኔ ቤት አድራ አታውቅም።