አይጥ ሲባል ወንድሜ ያልሁበት ቀን

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ ታላቅ ወንድሜ ባሕር ዳር ሐይቁ አጠገብ በነበረው ቤታችን ኮርኒስ ላይ ተደብቆ ነበር። የቀበሌ ሰዎች ይፈልጉታል። ሲገላበጥ ጣውላው ይንቋቋል፤ እንግዳ ካለ እናቴ ቶሎ ብላ፣ "ይሄ አይጥ አስቸገረን እኮ!" ትላለች። ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አላውቅም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ መምህራችን የቃል ጨዋታ አመጡ። "ቃል ስጠራ መጀመሪያ የመጣላችሁን በሉ። እንዳታስቡ!" አሉን። አንደኛ ክፍልም ተጫውተነው ነበር፤ ያኔ "ውሻ" ስንባል "ይናከሳል" ነበር የምንለው። አሁን ግን ቃል ቃልን መጥራት ጀምሯል። "ዝናብ" ሲሉ "ጃንጥላ"፣ "ሐይቅ" ሲሉ "ታንኳ" እያልን ተንጫጫን። ደስ ብሎኝ ነበር።

"አይጥ" አሉ ወደ እኔ ዞረው።

"ወንድሜ!" አልሁ።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። አጠገቤ የምትቀመጠው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ልጅ ናት።

"ለምን ወንድምሽ?" አለችኝ።

መምህራችን ፊቴን አዩና ሳቅ ብለው፣ "ጥርሱ ገጣጣ ስለሆነ ነዋ! አስተምሬው የለም እንዴ?" አሉ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። የወንድሜ ጥርስ ግን ገጣጣ አልነበረም።

ለእረፍት ስንወጣ መምህራችን ትከሻዬን ያዙኝ። "ያልሽውን ለእናትሽ ንገሪያት፤ ዛሬውኑ" አሉኝ። ሌላ አልጠየቁኝም።

ወደ ቤት ስሄድ ያየሁት ሁሉ አስፈራኝ። ካኪ የለበሰ ሰው ሳይ ጠመንጃ ይመጣብኛል፤ ጠመንጃው ደግሞ ወደ ኮርኒሳችን ያነጣጥራል። ማሰብ ማቆም አልቻልሁም። እናቴ ትገርፈኛለች ብዬ ነበር፤ ስነግራት ግን መሬት ላይ ቁጭ ብላ አቀፈችኝ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ወንድሜ የእናቴን ነጠላ ተከናንቦ ወደ ሐይቁ ወረደ። እንጨት አራግፎ ወደ ዘጌ በሚመለስ ታንኳ ተሳፈረ። ከሰዓት በኋላ ሦስት የቀበሌ ጠባቂዎች መጡ። አንዱ ጠረጴዛችን ላይ ወጥቶ ኮርኒሱን በሳንጃ ፈለቀቀው። አቧራ ብቻ ወረደ። እኔ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ሆኜ፣ አንድ ቃል እንዳያመልጠኝ አፌን በሁለት እጄ ይዤ ነበር። ልጅቱ ለአባቷ ተናግራ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ፋሲካ ሲቃረብ አንድ የዘጌ ቡና ነጋዴ በራችን ላይ ቆሞ፣ "ልጁ ደህና ነው፤ ሱዳን ገብቷል" አላት። እናቴ አመስግና ሸኘችው። ያለቀሰችው በሩን ከዘጋች በኋላ ነው።