ኬላው ላይ የታመምሁ ቀን

በሕይወቴ አሳምሬ የሠራሁት ሥራ ቢኖር መታመም ነው። ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርጄ፣ አገሬው ሳሉግ የሚለን የቀን ሠራተኛ በሆንሁበት ዓመት ነው።

ሸሕዲ ከተማ መግቢያ፣ ኬላው ላይ አንድ ትራፊክ ፖሊስ ይቆማል። ክስ ተጽፎባቸው ያልከፈሉ መኪኖች ታርጋ በስልኩ ይላክለታል፤ የሚያልፈውን ሁሉ ከዚያ ጋር ያመሳክራል። ታርጋው የተገኘበት መኪና እዚያው ይታሰራል። ሹፌሮቹ ግን መላ አላጡም። በሽተኛ የጫነ መኪና ስለማይፈተሽ፣ አንዱን ሳሉግ በነጻ ያሳፍሩና በነጠላ ሸፍነው ከኋላ ወንበር ያስተኙታል።

አንድ የሚኒባስ ሹፌር እኔን መረጠ። "ያንተስ ፊትህ ራሱ በሽታ ነው" አለኝ። ኬላው ስንደርስ "አንጀቴ ተቆረጠ!" ብዬ ጮህሁ። ትራፊኩ ታርጋውን እንኳ ሳያይ "እለፉ፣ እለፉ! እግዜር ይማርህ" አለ። ራቅ ስንል እንባችን እስኪመጣ ሣቅን።

በሳምንቱ አብሮ አደጌን ወባ ጣለው። እናቱን "እኔ አለሁለት" ብዬ ከቀዬው ያመጣሁት እኔው ነኝ። ሲነጋ መቃዠት ጀመረ። በቃሬዛ አስፋልት ብናወጣው የቆመልን መኪና ያው ሚኒባስ ሆነ።

ትራፊኩ ኬላው ላይ የተሸፈነውን ሰው አየና ወደ እኔ ዞረ። ግንባሬ ላይ የልጅነት ጠባሳ አለኝ።

"ባለፈው ሳምንት አንጀቴ ተቆረጠ ያልኸው አንተ አይደለህም?"

አዎ፣ ያ ውሸት ነበር፣ ይሄ ግን እውነት ነው ማለት ነበረብኝ። መታሰርን ፈራሁ።

"እኔ አይደለሁም ጌታዬ። በዚህ አልፌም አላውቅ።"

"ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል፣ ልጄ" አለና ቁልፉን ነቀለ። ታርጋውን ስልኩ ላይ ይፈልግ ጀመር። ኔትወርክ የለም። ስልኩን ወደ ላይ እያነሳ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ሹፌሩ በማርያም ይምላል፣ ፀሐዩ ቆርቆሮውን ያግለዋል። እኔ አንዴ ዋሽቻለሁና ቃሌን ሳላጥፍ ከጓደኛዬ ጎን ተቀመጥሁ።

በመጨረሻ "ይኸው፣ ተገኘ!" ብሎ ነጠላውን ሊገፍፍ ገባ። እጁ የጓደኛዬን አንገት ሲነካ ፊቱ ተለወጠ። ቁልፉን ለሹፌሩ ወርውሮ "ንዳው! ንዳው!" እያለ ጮኸ።

ጓደኛዬ የከተማው ሆስፒታል በር ላይ ሞተ። ትራፊኩን ልጠላው ብዙ ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም። ሰውዬው ያየውን ነው ያመነው።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ኔትወርክ የሚፈለግበት ያ ጊዜ ነው። ጓደኛዬ ዓይኑን ገልጦ "ለምን ቆምን?" አለኝ።

"መታመምህን አይቶ መንገድ እያስለቀቀልን ነው" አልሁት።

"እግዜር ይስጠው" አለ፤ አመነኝ።