ብረት የሚያሸት ሳጥን

ጀልበኞቹ «ማግኔቷ» ይሏታል። የወደቡ ቴክኒሻን ናት፤ ከጀልባ ማቆሚያው በላይ፣ መስኮቷ በጨው በደበዘዘ ጠባብ ክፍል ትሠራለች።

ሥራዋን ስታስረዳ ዓይኗ ይበራል። ምድር ራሷ ትልቅ ማግኔት ናት፤ መርከብ ደግሞ የሚንሳፈፍ የብረት ተራራ። ተራራው ሲያልፍ የምድርን ማግኔታዊ መስክ በጥቂቱ ያጣምመዋል። መርከቦች በሚያልፉበት መተላለፊያ፣ በባሕሩ ወለል ላይ ያስቀመጠችው ሳጥን ያቺን መጣመም ያሸታል። በኮምፒውተሯ ላይ ያለው መስመር ሽቅብ ሲወጣ ደወል ትደውላለች፤ በጉም የሚሻገሩት የእንጨት ጀልባዎችም ይቆማሉ። ከነዚያ አንዷ የአባቷ ናት።

ሳጥኑ ግን መዋሸት አመጣ። ባሕሩ በተናወጠ ቁጥር መስመሩ ይዘላል፣ ደወሉ ይጮኻል፣ መርከብ የለም።

«ዛሬስ የማን መርከብ መጣ? የኖኅ?» ይሏታል ጀልበኞቹ።

የወደቡ ኃላፊም አመረሩ፦ «አንድ ጊዜ ከደገመው ነቅለን እንጥለዋለን!»

እራት ላይ፣ ሳጥኑን በጀልባቸው ወስደው ያወረዱትን አባቷን ጠየቀች። «አባዬ፣ በምን አሰሩት?»

«በሰንሰለት ነዋ! በዚያ በሰጠሽኝ ሲባጎ አስሬ ማዕበል እንዲበላው ልተወው?» በዚያ ወደብ በሰንሰለት ያልታሰረ ነገር እንደጠፋ ይቆጠራል።

ሳቋ አመለጣት። «ወይ አባዬ! እኔ ብረት ፈልግ ብዬ ብልከው፣ እርስዎ ብረት አፍንጫው ላይ ያወዛውዙበታል?»

በማግስቱ ጠላቂው ሰንሰለቱን ፈቶ ሳጥኑን በናይለን ገመድ ከድንጋይ ጋር አሰረው።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ ጠዋት ጉሙ ዓለምን ዋጣት። ጀልባዎቹ መሻገር እንደጀመሩ መስመሩ ቀስ ብሎ ሽቅብ ወጣ። ጥሩንባ የለም፤ የሞተር ድምፅ የለም።

«እርግጠኛ ነሽ?» አሉ ከኋላዋ የቆሙት ኃላፊ።

ደወሉን ሳበችው።

«ኧረ ተይን እባክሽ!» አለ አንዱ ከጉሙ ውስጥ።

«ቁሙ!» አሉ አባቷ ከጀልባቸው። «ቁሙ አልኳችሁ! ልጄ ናት!»

መቅዘፊያዎቹ ቆሙ። ጉሙም ጠቆረ፤ ጠቁሮም ግድግዳ ሆነ፤ እንደ ፎቅ የረዘመ ዝገታም ግድግዳ፣ በጀልባዎቹ አፍንጫ ሥር ድምፁን አጥፍቶ አለፈ፣ አለፈ፣ አላልቅ አለ። ማዕበሉ ጀልባዎቹን አንስቶ መልሶ አስቀመጣቸው። ከዚያ ፉጨቱ፣ ጩኸቱ፣ የጀልባን ጎን በመቅዘፊያ መደብደቡ!

«ለሌላው መተላለፊያም ስንት ሳጥን እንግዛ?» አሉ ኃላፊው ላባቸውን እየጠረጉ።

አልሰማቻቸውም። ዓይኗ ቁልቁል በሚወርደው መስመር ላይ ነበር። ያ ሁሉ ብረት እንዲህ እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ሄደ!

«እህት ዓለም!» አለ ያው የቅድሙ ድምፅ። «እንለፍ ወይ?»

መስመሩ ተኛ። መስኮቱን በረገደችው።

«እለፉ!»