ለሐኪም ቤት ቅርብ

መምህርት ድንቅነሽ ዲላ ለመግባት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የዝውውር ቅጽ ሞልታለች። በየዓመቱ ክረምት ሲገባደድ ከምታስተምርበት ከቡሌ ገጠር ትወርድና ቢሮው በራፍ ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር በጣቷ እየተከተለች ታነባለች፤ ስሟን ስታጣ በመጣችበት መኪና ተመልሳ ትወጣለች። «የዝውውር ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ አንድም ዓመት ሌላ ነገር ጽፋ አታውቅም። «ለሐኪም ቤት ቅርብ ለመሆን» ነበር የምትለው።

ምክንያቱን ያገሯ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሉሊት የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ነበረቻት። አንድ የሐምሌ ጠዋት ልጅቷን ሆዷን ቆረጣት፤ እስከ ቀትር ድረስም እየባሰባት ሄደ። ድንቅነሽ ማንንም አልጠራችም። የልጅቷን ጩኸት የሰማው ሁሉ ከእንሰቱ መሀል እየወጣ መጣ። ቃሬዛውን እየተቀባበሉ፣ በዝናብ፣ በዚያ በሚያንሸራትት ጭቃ ከተማው ጤና ጣቢያ ድረስ አደረሷት። «ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል፣ ዲላ ውሰዷት» ተባሉ። አንድ አይሱዙ ተለምኖ ተገኘ፤ እሱም መንገድ ላይ ጭቃ ዋጠው። ወንዶቹ ገፉ፣ ድንጋይ አነጠፉ፣ ቅርንጫፍ እየቆረጡ ከጎማው ሥር ከተቱ። መኪናው ሳይወጣ ሉሊት በእናቷ ጭን ላይ አረፈች። ባሏ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ለሥራ ብሎ ወደ ጉጂ ሄደ፤ በዚያው ቀረ።

በአሥረኛው ዓመት ስሟ ወጣ።

ዲላ ውስጥ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ አንድ ግቢ፣ በስስ የችፑድ ግድግዳ ከተከፈሉት አምስት ክፍሎች አንዱን ተከራየች። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ቀን ቀን ቆርቆሮው ሰው ያቃጥላል። ድንቅነሽ ግን ቅር አላላትም። ዕቃዋን ባስገባች ማግስት፣ ምንም ሳያማት፣ ባጃጅ ይዛ እስከ ሆስፒታሉ በር ሄደች። ሰዓቷን አየች፤ ስምንት ደቂቃ። ከዚያ ወርዳ ደስ እያላት በእግሯ ተመለሰች።

ሦስት ወር ሳይሞላት እናቷን ልታመጣ ቡሌ ወጣች። ወይዘሮ ወርቂቱ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ደም ግፊትም አለባቸው። ወንድሟ ቦና ነገሩ አልጣመውም።

«እናታችንን ከሰው ነጥለሽ የት ልትወስጃት ነው?» አላት።

«ሐኪም ወዳለበት።»

ቦና የሉሊት ነገር ትዝ ሲለው መከራከሩን ተወ። እናትየውም ልጃቸው አሥር ዓመት የለፋችበት ነገር መሆኑን ስለሚያውቁ እምቢ አላሉም።

ወይዘሮ ወርቂቱ አማርኛ እምብዛም አይችሉም። ሰው ግን ይወዳሉ። በመጡ በሁለተኛው ቀን ነጠላቸውን አጣፍተው ከግቢው በር ወጡና አላፊ አግዳሚውን በጌዴኦኛ፣ እጃቸውን ዘርግተው ሰላም ይሉ ጀመር። አገራቸው እንዲያ ነው፤ ሰው ሳይሳሳም፣ የከብቱ የልጁ ደህንነት ሳይጠያየቅ አይተላለፍም። አንዱ ዞር ብሎ ሳያያቸው አለፈ። ሌላዋ በስልክ እያወራች ነበር። አንድ ከረባት ያሰረ ሰው ግን ቆም አለ፤ ኪሱን ዳበሰና አሥር ብር በተዘረጋው እጃቸው ላይ አስቀምጦ «ይያዙ እማማ» ብሎ ሄደ።

ድንቅነሽ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ ብሯን ይዘው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«አንዱን ሰው ሰላም ስለው ይኼን ሰጠኝ። ለምንድን ነው ልጄ?»

ድንቅነሽ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ፣ «ከተማ እንዲህ ነው እማዬ፤ ሲወዱሽ ነው» አለቻቸው። እናትየው ያምኑ አያምኑ አልታወቀም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በሩ ላይ አልቆሙም።

ግቢው ውስጥ ሰው የሚገናኘው ውሃ ሲመጣ ብቻ ነው። ውሃው በሳምንት አንዴ፣ አንዳንዴም በአሥራ አምስት ቀን ይመጣል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጄሪካኑ ተደርድሮ ቧንቧው እንደ ክር ሲንጠባጠብ ተከራዩ ሁሉ ወጣ። አልባሳት የምትሸጠው ሀዲጃ ኩርሲዋን ይዛ መጣች። ከአጥር ውጭ ያለውን ጭቃ እያየች ድንቅነሽ እንዲያው ለጨዋታ «አሁን ይኼም ከተማ ተብሎ ነው?» አለች።

«ተይ ድንቄ፣ ተይ» አለች ሀዲጃ። «ገጠር ብሆን ለማን እሸጣለሁ? አራት ልጅ ያስተማርኩት እዚህ ሱቅ ስላለኝ ነው። ውሃ ባይኖርም፣ መብራት ቢጠፋም፣ ልጆቼ ሰው ሆነዋል።»

ከድንቅነሽ ክፍል ጋር ችፑድ የሚጋሩት ጋሽ ተክለብርሃን ናቸው። በአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ከወሎ መጥተው ሃያ ዓመት ዲላ ኖረዋል፤ ብቸኛ ናቸው።

«እኔ ደግሞ ከተማን የምወደው ማንም ስለማያየኝ ነው» አሉ። «ያገሬ ሰው ምን በላህ፣ ለምን አላገባህም፣ የት ዋልክ ሲል ነው የሚውለው። እዚህ በሬን ከዘጋሁ ዘጋሁ ነው። አንቺስ ቲቸር?»

«እኔ ለሐኪም ቤቱ ነው የመጣሁት። ሌላው ባይኖርም ይቅር» አለች ድንቅነሽ።

ወይዘሮ ወርቂቱ ንግግሩ ስላልገባቸው አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን እያዩ ፈገግ ይሉ ነበር። የሚተረጉምላቸው አልነበረም፤ የድንቅነሽ ተራ ደርሶ ጄሪካኗን ልትቀዳ ተነሥታለች።

ይህ በሆነ በሁለተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ፣ ድንቅነሽ ጠዋት የእናቷን መድኃኒት ሰጥታ ወጣች። ለእናቷ የገዛችላቸው ስልክ መደርደሪያው ላይ ቻርጅ ተሰክቶ ነበር። ትምህርት ቤት ፈተና ስለነበር እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ከክፍል አልወጣችም። ቤቷ ስትደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። እናቷ በአልጋውና በግድግዳው መሀል በጎናቸው ወድቀዋል። ፊታቸው በአንድ ወገን ተዛብቷል፤ ዓይናቸው ግን ክፍት ነው፣ ያያታል። በሚንቀሳቀሰው እጃቸው ችፑዱን ይዳብሱ ነበር።

ጮኸች። ግቢው ውስጥ ማንም ብቅ አላለም። ሮጣ አስፋልት ወጣች፤ ባጃጅ ያዘች፤ ሾፌሩና እሷ እናትየውን ተሸክመው አስገቡ። በስምንት ደቂቃ ውስጥ ሆስፒታሉ በር ላይ ነበሩ።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የጀመራቸው?» ሲል ጠየቃት ወጣቱ ሐኪም።

«አላውቅም። ጠዋት ስወጣ ደህና ነበረች።»

«አብሯቸው ማን ነበር?»

«ማንም።»

ሐኪሙ የዓይናቸውን ብሌን በባትሪ አየ፤ እጃቸውን አንሥቶ ለቀቀው፤ ወደቀ። «ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሷል ብዬ እፈራለሁ። ብዙ ሰዓትም አልፏል። ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ . . .» አለና ተወው። ከዚያ፣ ሊያጽናናት ፈልጎ ይመስላል፣ «ከገጠር ነው ያመጣሻቸው? መንገድ አስቸግሯችሁ ነው?» አላት።

«አይ» አለች ድንቅነሽ። «እዚሁ ነው ቤታችን።»

ወይዘሮ ወርቂቱ በማግስቱ አረፉ።

አስከሬኑ ቡሌ ተወሰደ። ገና መኪናው ከሩቅ ሲታይ ሰዉ ከየቤቱ እየወጣ መንገዱን ሞላው። ሀዲጃና ጋሽ ተክለብርሃንም አብረው ሄደው ነበር፤ ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ከቀብር መልስ ቦና ሊያቆመው ያልቻለው ነገር ከአፉ ወጣ።

«እዚህ ብትሆን ኖሮ ብቻዋን አትወድቅም ነበር። አንድ ሰው እንኳ ያያት ነበር።»

አጠገቡ ልጅ ታቅፋ የተቀመጠች ጎረቤታቸው ግን አልተስማማችም። «ካዩዋትስ በኋላ? እኛም አይተን፣ ተሸክመን፣ ጭቃው ላይ ለሞት ነበር የምናስረክባት። ሉሊትን ምን አደረግንላት?»

ድንቅነሽ ሁለቱንም ሰማች።

በሳምንቱ ዲላ ተመለሰች። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ተክለብርሃን በሯን አንኳኩ። ግቡ ብትላቸውም አልገቡም፤ ደፉ ላይ እንደቆሙ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያዟዙሩ ጀመር።

«ቲቸር፣ የምነግርሽ አለኝ። የዚያን ዕለት እረፍት ላይ ነበርኩ። ቤት ነበርኩ።»

ወደ በሩ ቀረብ አለች።

«ሦስት ሰዓት አካባቢ ግድግዳው ተደበደበ። የሆነ ነገር እየቀጠቀጡ ነው ብዬ አሰብኩ። ቆየሁና ሲበዛብኝ ሬዲዮኑን ከፍ አደረግሁት። ኋላም ወጣሁ፤ ሰው ቀጥሮኝ ነበር። በዚህ በር ነው ያለፍኩት። እርግማንም ቢሆን አንድ ነገር በይኝ።»

ድንቅነሽ ልትረግማቸው ፈልጋ ነበር። አፏን ስትከፍት ግን ሌላ ነገር መጣባት። ባለፈው ፋሲካ ማግስት ከዚያው ችፑድ ጀርባ እኚህ ሰው ሲያለቅሱ ሰምታለች። ረጅም ልቅሶ ነበር። ያን ጊዜ ተነሥታ ቡና ልውሰድላቸው ብላ አሰበች፤ ከዚያ ደግሞ፣ ሰው በሩን ዘግቶ ሲያለቅስ መግባት ነውር መሰላትና እናቷ እንዳይሰሙ በጌዴኦኛ ጮክ ብላ ታወራቸው ጀመር።

«እኔም ሰምቼዎት አውቃለሁ» አለቻቸው። «አልመጣሁም።»

ጋሽ ተክለብርሃን ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቷቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ይቅርታ አልጠየቁም፤ እሷም አላደረገችም። በወሩ መጨረሻ ዕቃቸውን በጋሪ አስጭነው ሌላ ሰፈር ገቡ። በቦታቸው የገቡት ባልና ሚስት ማለዳ ወጥተው ማታ ነው የሚመለሱት፤ ድንቅነሽ ስማቸውን አታውቅም።

ነሐሴ ሲመጣ ወደ ቡሌ ለመመለስ አመለከተች። ክፍት ቦታ የለም፤ የሚቀያየርሽ ካገኘሽ ግን ይሆናል አሏት። ሙሉዓለም የሚባል ቡሌ የሚያስተምር ወጣት መምህር ተገኘ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ ከመውለዷ በፊት ዲላ ሊያስገባት ቸኩሏል። ቢሮው በራፍ ላይ ተገናኝተው ቅጹን አብረው ሞሉ። ልጁ ደስታው ፊቱ ላይ ይነበባል።

«ዲላ ኑሮው እንዴት ነው ቲቸር? እውነቱን ንገሪኝ።»

«ቤት ስትከራይ፣ ቀን ቀን ግቢው ውስጥ ማን እንደሚውል አስቀድመህ ጠይቅ» አለችው።

ሙሉዓለም ስለ ሌባ የነገረችው መስሎት ሳቀ። «ግድ የለም፣ ጥሩ ቁልፍ እገዛለሁ» አላት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የሁለቱም ማመልከቻ ተመለሰ። እሱ የሂሳብ መምህር ነው፤ እሷ የአማርኛ፤ አይቀያየሩም ተባለ። ሙሉዓለም ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «አሁን ምን ብዬ ነው የምነግራት?» አለ፤ ሚስቱን ማለቱ ነው። ድንቅነሽ የራሷን ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እሱ ወደ ቡሌ የሚወጣው መኪና እንዳያመልጠው ወደ መናኸሪያው ተጣደፈ፤ እሷም የትምህርት ቤቷ ምዝገባ ስላላለቀ በዚያው ወደ ሥራዋ ሄደች።