የቀርቀሃ ሜዳ ዜሮ

ወርቅአየሁ ተማሪ ሳለች ከሒሳብ ትሸሽ ነበር። እግዜር ግን ቀልድ አያልቅበትም፤ ያንኑ የምትሸሸውን ቁጥር እንጀራዋ አደረገላት። ከቆሰበር ወደ ጥሊሊ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ የመረጃ ሠራተኛ ናት። ስድስት ቀበሌዎች በየወሩ የሚልኩትን ሪፖርት ትቀበላለች፤ መብራት ካለ ኮምፒውተር ላይ ታስገባለች፣ ከሌለ በጋቢዋ ተጀቡና መብራቱን ትጠብቃለች። ስንት ተወለደ፣ ስንት ተከተበ፣ ስንት ሞተ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሥራዋ ይኸው ነበር። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አላገባችም፤ ለምን እንዳላገባች የሚጠይቃት ሰው ግን ሞልቷል።

ከስድስቱ ቀበሌዎች አንዱ ቀርቀሃ ሜዳ ይባላል። ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ ላይ የሚወጣ፣ በነሐሴ ጉም ተኝቶበት የማይነሳ ብርዳም አገር ነው። በዚህ ቀበሌ ሪፖርት ላይ "በተወለዱ በሃያ ስምንት ቀን ውስጥ የሞቱ ሕፃናት" በሚለው ሳጥን ሁልጊዜ ዜሮ ይመጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየወሩ ዜሮ። ወርቅአየሁም ዜሮዋን ሳታመነታ ታስገባለች። ዜሮ አያጣላም፤ ዜሮ ከበላይ ስልክ አያስደውልም። ቢሮ የሠራ ሰው ይህን ያውቃል።

ነገሩን ያበላሸው ትምህርት ነው። ባለፈው ዓመት በቆሰበር ቅዳሜና እሁድ በሚሰጥ የጤና ዲግሪ ተመዘገበች። በሁለተኛው መንፈቅ ስታትስቲክስ መጣ። መምህሩ በኃይሉ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሲያስተምር ጠመኔውን እንደ ቆሎ በመዳፉ የሚያሽ ሰው ነበር። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ድምፁን ከፍ ማድረግ አይወድምና ተማሪዎቹ ወደ ፊት ተጠግተው ይቀመጡ ነበር።

"አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ሊደርስ እየቻለ ጥቂት ጊዜ ብቻ ሲደርስ፣" አለ አንድ ቅዳሜ፣ "ሰው ከፈረስ ወድቆ መሞቱን የመሰለ ነገር፣ ፖይሰን የሚባለው ቀመር ይቆጥርልናል። የሚፈልገው አማካዩን ብቻ ነው። አማካዩ ስድስት ከሆነ አንድ ዓመት አራት፣ ሌላ ዓመት ዘጠኝ ቢመጣ አትደንግጡ፤ ቁጥር ይወዛወዛል። መደንገጥ ያለባችሁ መቼ እንደሆነ ደግሞ ሒሳቡ ራሱ ይነግራችኋል።" ከዚያ የቤት ሥራ ሰጠ። ከየመሥሪያ ቤታችሁ አንድ ቁጥር አምጡና ዕድሉን አስሉ።

ወርቅአየሁ የቀርቀሃ ሜዳን ዜሮ የመረጠችው ከስንፍና ነው፤ ዜሮ ለማስላት ይቀላል ብላ። በዓመት ሁለት መቶ ያህል ሕፃናት ይወለዱበታል። መምህሩ ለልምምድ የሰጣቸው መጠን ከመቶ ሦስት ነበር፤ ስለዚህ በዓመት ስድስት ሞት ይጠበቃል። በስልኳ ካልኩሌተር ሠራችው። ዜሮ የመምጣት ዕድሉ ከሺህ ሁለት ተኩል ሆነ። አላመነችም። በሌላኛው መንገድ፣ ባይኖሚያል በሚሉት፣ ደግማ ሞከረች፦ የአንዱ ሕፃን የመትረፍ ዕድል ከመቶ ዘጠና ሰባት፣ እሱን በራሱ ሁለት መቶ ጊዜ ማባዛት። ከሺህ ሁለት ነጥብ ሦስት ወጣ። እያንዳንዷ እናት "የኔ ልጅ ይተርፋል" ብትል ልክ ናት። ሁለት መቶዎቹ ሁሉ ልክ መሆናቸው ግን በአራት መቶ ዓመት አንዴ የሚገኝ ነገር ነው። ሁለት ዓመት በተከታታይ ሲሆንማ ከመቶ ስድሳ ሺህ አንዴ። ስልኩን አስቀመጠችው።

በማግስቱ እሁድ ወረቀቱን ለመምህሩ አሳየችው። ቆሞ አነበበው፣ ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ደግሞ አነበበው።

"ይህ ቀበሌ ወይ ገነት ነው፣ ወይ የሞተ የሚቆጥርለት የለውም" አላት።

"የትኛው ይመስልዎታል መምህር?"

"እኔ ገነትን አላየሁም። ስሚኝ ወርቅአየሁ፤ ሒሳቡ ስንት እንደሞቱ አይነግርሽም፣ በምን እንደሞቱም አይነግርሽም። ሄደሽ ጠይቂ ነው የሚልሽ። የሚሞቱ ካሉ ዛሬም እየሞቱ ነው።"

ሰኞ ጠዋት የጤና ጣቢያው ኃላፊ ባምላክ ቢሮ ገባች። ባምላክ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ሰው ክፉን ይጠነቀቀዋል። ሳቂታ ነው፣ ሠራተኛውን በቁልምጫ ነው የሚጠራው። በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ከዞን እንግዶች ይመጣሉ፤ ቀርቀሃ ሜዳ ዓመቱን ያለ አንድ ሕፃን ሞት በመጨረሱ ሊሸለም ነው። ወረቀቷን አየና መልሶ አጠፈላት።

"ወርቅዬ፣ ይህ የክፍል ልምምድ ነው። የሞተ ሰው አምጪልኝ እንጂ ቀመር አታምጪልኝ።"

"ሄጄ ልጠይቅ ነው የምለው።"

"ጠይቂ፤ ማን ከለከለሽ? እንግዶቹ ይሸኙ። ሁለት ዓመት የቆየ ነገር አሥር ቀን ቢጨመርበት ምን ይሆናል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።" ከዚያም እንደ ዋዛ፣ "የትምህርት ፈቃድሽ ወረቀት ደርሶኛል፤ ሳምንቱ ሳይወጣ እፈርምልሻለሁ" አላት።

ወጣች። ለራሷም ምክንያት አላጣችም፦ እሱ ኃላፊ ነው፣ እኔ ቁጥር አስገቢ ነኝ፣ ደግሞም ልሳሳት እችላለሁ። ፈሪ ሰው ምክንያት አያጣም።

በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ ታናሽ እህቷ ሸጋ ለእርግዝና ክትትል መጣች። ሸጋን እናታቸው ጥላት ስትሞት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት ወርቅአየሁ ናት። አምና ቀርቀሃ ሜዳ ለሚኖር ትዕዛዙ ለሚባል ገበሬ ተዳረች፤ አሁን ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፣ የመጀመሪያዋ ነው። ቁልቁለቱን በእግሯ ወርዳ ፊቷ ቀልቷል።

"እታለም፣ አማቴ እኮ ከወዲሁ ክፍሌን አሰናድታልኛለች" አለች ሸጋ እየሳቀች። "የግድግዳውን ስንጥቅ ሁሉ በጭቃ መረገችው። 'አንቺ ብቻ በሰላም ተገላገይ፣ ብርድ የሚባል አያገኝሽም' ትለኛለች። ደግሞ በኛ ቀበሌ ሕፃን አይሞትም፤ ልትሸልሙን ነው ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው?"

ወርቅአየሁ ጥያቄውን ዘለለችው። "እኔ ጋ መጥተሽ ውለጂ" አለቻት ብቻ። "ገና አንድ ወር አለ" አለች ሸጋ። "የዛሬ ሁለት ሳምንት እመጣለሁ።" ወርቅአየሁ እስከ አስፋልቱ ሸኘቻት። ስለ ቁጥሩ ምንም አልነገረቻትም።

የሽልማቱ ሐሙስ ደረሰ። ድንኳን ተተከለ፣ ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ። የቀርቀሃ ሜዳ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እቴናት በመስታወት ክፈፍ የገባ ምስክር ወረቀት ተቀበለች። ለዝግጅቱ ተብላ ከሰኞ ጀምሮ ከቀበሌዋ ወርዳ እዚሁ ሰንብታለች። እንግዶቹ ሄደው ድንኳኑ ሲፈርስ ወርቅአየሁ ወደ አንድ ጥግ ወሰደቻት። ባምላክ የትምህርት ፈቃዷን ፈርሞላታል፤ አሁን ልበ ሙሉ ሆናለች።

"እቴናት፣ የሞተ የምትቆጥሪው ከየት ነው?"

"ከእድሩ መዝገብ ነዋ። ብቻዬን ስምንት መቶ አባወራ እንዴት አድርጌ ልዙር? የእድሩ ጸሐፊ በየወሩ ያነብልኛል። እድር የሞተ አያመልጠውም።"

"ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን ቢሞትስ?"

መልሱን ሁለቱም ያውቁታል፤ በዚያ አገር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳ። ከዚያ በፊት ለሄደ ሕፃን ጥሩምባ አይነፋም፣ ድንኳን አይተከልም፣ ቤተ ክርስቲያን አይወሰድም። አባት ከጓሮ ይቀብረዋል፣ ጎረቤት "እሱ ሌላ ይስጣችሁ" ብሎ ያልፋል። እድሩ ላልተጠመቀ አይወጣም፤ ያልወጣለትን አይጽፍም፤ እሱ ያልጻፈውን እቴናት አታይም፣ እቴናት ያላየችውን ወርቅአየሁ ዜሮ ብላ ታስገባለች። ማንም አልዋሸም።

"እስቲ ቁጠሪያቸው" አለቻት ወርቅአየሁ። "የሰማሽውን ሁሉ። ሁለቱን ዓመት።"

እቴናት ምስክር ወረቀቱን መሬት ላይ አስቀምጣ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። የእገሌ ቤት፣ የእገሌ ምራት። ጣቷ አልቆ እንደገና ጀመረች። ወርቅአየሁ አሥራ ሁለት ትጠብቅ ነበር። እቴናት አሥራ ዘጠኝ ላይ ቆመች።

"አብዛኞቹ ክረምት ነው" አለች። "ሕመም የለ፣ ትኩሳት የለ። ሲነጋ በተኛበት ሞቶ ነው የሚገኘው። እናትዮዋም ራሴን ፈለጠኝ፣ አጥወለወለኝ ትላለች፤ የብርድ ነው እንላለን።"

"ምን ያነዳሉ?"

"ከሰል ነዋ። ከሰል ጫኙ መኪና እየቀረ የዲከረንሱ ዛፍ ከሰል ገዢ ሲያጣ በየቤቱ ተከመረ። ጭስ የለውም፣ ለአራስ ይሻላል ተባለ።" ይህን ተናግራ ሳትጨርስ አፏን በእጇ ያዘች።

ወርቅአየሁ ለሸጋ ባል ለትዕዛዙ ደወለች፤ ኔትወርክ የለም። ደጋግማ ደወለች። ቀኑ መሽቶ፣ ጉሙ ወርዶ፣ ወደዚያ የሚወጣ ሰውም ሆነ ባጃጅ ጠፋ። "ገና አንድ ወር አለ" እያለች ራሷን አጽናናች።

አርብ ማለዳ ባጃጁ የሚደርስበት ድረስ ሄዳ ቀሪውን በእግሯ ወጣችው። አንድ ሰዓት ሙሉ ጭቃ። የትዕዛዙ አጥር ጋ ስትደርስ የዶማ ድምፅ ሰማች። ትዕዛዙ ከቤቱ ጀርባ፣ ከእንሰቱ አጠገብ፣ አጎንብሶ ይቆፍራል። ጉድጓዱ አጭር ነበር። ቀና ብሎ አያትና ሰላም ሳይላት ቁፋሮውን ቀጠለ።

የአራሷ ክፍል በሩ ተገጥሟል። ከፈተችው። ሙቀቱ ፊቷን መታት፤ መሐል ላይ ምድጃው በቀይ ፍም ተሞልቷል። ሸጋ ከመደቡ ላይ ዓይኗን ጨፍና ጋደም ብላለች። ከጎኗ በነጭ ነጠላ የተጠቀለለች ትንሽ ነገር አለች። አማትዋ እማማ ማናለብሽ እግርጌ ተቀምጠው በአዊኛ ለራሳቸው ያወራሉ።

ወርቅአየሁ ምድጃውን በጆሮው አንጠልጥላ ወደ ውጭ ወረወረችው። "ምን ሆነሻል ልጄ! ብርድ ይገባባታል!" ብለው ተነሡ እማማ ማናለብሽ።

"ብርድ አይደለም እማማ። ከሰሉ ነው። በሩ ተዘግቶ ሲነድ አየሩን ይመርዘዋል፤ አይታይም፣ አይሸትም። በዚህ ቀበሌ ሕፃናቱን የሚገድለው እሱ ነው።"

የሸጋ ምጥ ማክሰኞ ሳይታሰብ ነበር የመጣው። ጤና ኬላው ተዘግቶ ነበር፤ እቴናት ለሽልማቱ ወርዳ ነበር። ሴት ልጅ በሰላም ተወለደች፣ ጠባች፣ አለቀሰች። ሦስተኛው ሌሊት ላይ ብርዱ ጸና፣ እማማ ማናለብሽ ከሰል ጨመሩ። ይህን ሁሉ እሳቸው ቆመው ተናገሩ፤ ሲጨርሱ መደቡ ላይ ተቀመጡ። "እኔ ነኝ ያነደድኩት" አሉ። "በእጄ ነው የጨመርኩት።"

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ወርቅአየሁ ናት፤ ይህንንም ታውቀዋለች። ጥፋቱ ግን አሮጊቷ ላይ ተቀምጦ ነበርና፣ ለአንድ አፍታ እዚያው ይቀመጥ ብላ ተመኘች።

ሸጋ ዓይኗን ገለጠች። ከበሩ የሚገባው ነፋስ ነቃ አድርጓታል።

"እታለም፣ በኛ ቀበሌ ሕፃናት እንደሚሞቱ መቼ ነው ያወቅሽ?"

"በከሰሉ መሆኑን ትናንት ነው የሰማሁት።"

"እሱን አይደለም። እንደሚሞቱ።"

ወርቅአየሁ ልትዋሽ ትችል ነበር። ትናንት ብትል ማን ያውቅባታል? ግን ይቺን ልጅ ዋሽታት አታውቅም።

"እሁድ" አለች። "የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን።"

"ያን ረቡዕ ለክትትል ስመጣ ታውቂ ነበር።"

"አዎ።"

ሸጋ አልጮኸችባትም። ሕፃኗን ከነነጠላዋ ወደ ደረቷ ሰብስባ ቀስ ብላ ተነሣች፤ ከወርቅአየሁ ራቀችና ራሷን አማትዋ ጉልበት ላይ አኖረች። እማማ ማናለብሽ ፍሙን የጨመሩበትን እጃቸውን ፈራ ተባ እያሉ ፀጉሯ ላይ አሳረፉ፤ ሸጋም እጁን ይዛ ወደ ጉንጯ አስጠጋችው።