እንኳየሁ የሣለችው ፊት

እንኳየሁ ትክል ድንጋይ በምትባለው ከተማ ሥዕል የምታስተምር ወጣት ሴት ነበረች። በ1970 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ለሥዕል መምህራን ሴሚናር ጎንደር ስትጠራ ደስ ያላት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ አብሯት የሠለጠነው የእንፍራንዙ መምህር ዳኛው ይመጣል። ከተማው ግን በቀይ ሽብሩ የተነሣ አስፈሪ ነበር። አራዳ ሰፈር ውስጥ ሰው ሰላምታ ሲሰጥ እንኳ ወደ ኋላው ዞር ብሎ ያያል።

በመክፈቻው ቀን የዳኛው ወንበር ባዶ ሆነ። «የት ሄደ?» ያለ የለም፤ እሷም አልጠየቀችም። የሴሚናሩ ኃላፊ አቶ ወልደ ዮሐንስ የመምህራኑን ሥራዎች እየዞሩ ሲያዩ የእሷ ላይ ቆሙና፣ «ፊት መሣል እንዲህ ነው!» ብለው በሰው ሁሉ ፊት አመሰገኗት።

በማግስቱ አንድ ካድሬ የታጠቁ ጠባቂዎችና አንድ ሽማግሌ አስከትሎ አዳራሹ ገባ።

«ፊት በመሣል የተመሰገነችው ጓዲት የትኛዋ ናት?»

አቶ ወልደ ዮሐንስ አቀርቅረው በጣታቸው ጠቆሙ።

ጎን ካለው ክፍል አስገቧት። ሽማግሌው አያ ውዱ የሚባሉ እንጨት ሻጭ ናቸው፤ ገበያ ላይ ደርግን የሚቃወም ወረቀት በትኖ ያመለጠ ሰው አይተዋል። እሳቸው ይናገራሉ፣ እሷ ትሥላለች፣ ሥዕሉ በየኬላው ይለጠፋል።

«አያ፣ ይንገሩኝ» አለች።

«ፊቱ ሞላላ ነው። ግራ ቅንድቡን ጠባሳ ለሁለት ከፍሎታል። ጥርሱ ፍንጭት ነው፤ ሸጋ ልጅ ነው።»

እጇ ቀጥ አለ። ዳኛው ነው። ያን ጠባሳ ያመጣው ኳስ ሲጫወት ወድቆ ነው፤ ደሙን በሻሿ ያበሰችለት እሷ ናት።

«ምን ሆንሽ?» አለ ካድሬው ከጀርባዋ።

«እርሳሱ ደነዘዘብኝ።»

በምላጭ ልትቀርጸው ስትሞክር ጣቷን ቆረጠች። ከዚያ ሣለች። የተነገራትን ሁሉ አስገባች፤ ያልተነገራትን ግን ከራሷ ፈጠረች፤ ወፍራም አፍንጫ፣ ጠባብ ግንባር፣ የተቀራረቡ ዓይኖች። የወጣው ሰው ዳኛውን አይመስልም።

«እሱ ነው?» ሲል ካድሬው ጠየቀ።

አያ ውዱ ወረቀቱን አዩ፤ ቀጥሎም የምትደማ ጣቷን አዩ።

«ቁርጥ እሱን» አሉ።

ሴሚናሩ ሲያበቃ ወደ ትክል ድንጋይ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈረች። ኬላው ላይ ጠባቂው ሥዕሏን ይዞ የወንዶቹን ፊት አንድ በአንድ ያስተያይ ጀመር። አፍንጫው ወፍራም የሆነ፣ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለበት ገበሬ ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

«ውረድ!»

«ምነው? ምን አደረግሁ?» አለ ገበሬው።

እንኳየሁ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «እሱ አይደለም። ሥዕሉን የሣልሁት እኔ ነኝ። የዚያኛው ጠባሳ በግራ ነው፣ የዚህ በቀኝ።»

ጠባቂው እሷንም ወረቀቱንም ደጋግሞ አየ። ወረቀቱን ዝቅ አደረገና ገበሬውን «ቁጭ በል» አለው።

ዳኛው ሱዳን መግባቱ ከብዙ ጊዜ በኋላ ተሰማ። እሷ ግን ያ ወረቀት ከኬላው እስኪነሣ ድረስ እንቅልፍ አልነበራትም፤ ሥዕሏ ሌላ ሰው እንዳያስይዝ እየሠጋች፣ ገበያ በወጣች ቁጥር የወንዶቹን ግራ ቅንድብ እያየች ትመለስ ነበር።